የፀሐይ ማጣሪያ ምንድን ነው?

ግርዶሽ በተነሳ ቁጥር የራጅ ፊልሙም፣ በጥላሸት የጠቆረው መስታወትም፣ ሲዲውም «ማጣሪያ» ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የግርዶሽ መነጽር ካደረግህ በቴሌስኮፕም ማየት ትችላለህ» ብሎ ሲከራከር ነበር። ይህ ምክር ዓይን ያጠፋል።

የፀሐይ ማጣሪያ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ሳይገባ በፊት የሚገጠም፣ ብረት የተለበጠ ስስ ፊልም ወይም መስታወት ነው። ለዓይን የሚሆነው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል፤ የማይታየውን ኢንፍራሬድና አልትራቫዮሌትም ይይዛል። ጥቁረት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የራጅ ፊልም ፀሐይን አደብዝዞ እያሳየ ኢንፍራሬዱን ሊያሳልፍ ይችላል። ሬቲና፣ የዓይን ውስጠኛው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሲቃጠል አያምም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ከጥቁረቱ ይልቅ የሚረሳው ግን ቦታው ነው። የጎንደርን ውሃ አስቡ። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣውን መቀነስ የፈለገ መዝጊያውን እዚያው ግድቡ ጋ ያጠብቃል። ቤቱ ያለውን ቧንቧ በጨርቅ ቢወትፍ ግፊቱ ሁሉ ጨርቁ ላይ ያርፋል። 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሌንስ በቀን ብርሃን ወደ 2 ሚሊሜትር ከሚጠብ የዓይን ብሌን ከ1,200 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ ያ ሁሉ በአይፒሱ፣ ዓይን በምናስጠጋበት ሌንስ በኩል ጠብቦ ይወጣል። መነጽሩ ለዚህ አልተሠራም፤ ወዲያው ይበሳል። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ አይፒሱ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወትም ግሎ ይሰነጠቃልና ይጣል። በጎን የተገጠመው ትንሹ አነጣጣሪ ሁለተኛ መስመር ነው፤ ይነቀል ወይም ይከደን። ግድቡ ላይ ያለ ቀዳዳም ቀዳዳ ነው፤ ሁልጊዜ ከመግጠም በፊት ፊልሙን ወደ አምፖል አንስቶ መመርመር ያስፈልጋል። ነጥብ የምታህል ብርሃን ከታየች አይሆንም። መጨማደዱ ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም ወጥሮ መለጠፍ ምስሉን ያበላሻል። ንፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን በፕላስተር እሰሩት።

ከኋላ የሚገባ የሄርሼል ፕሪዝም የሚባል መሣሪያ መኖሩ እውነት ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ብርሃን ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ በባለሌንስ ቴሌስኮፕ ብቻ የሚሠራ ነው፤ በባለመስታወት አይሞከርም።

አነጣጣሪው ሲነቀል ቱቦው መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ ተመልከቱ፤ ጥላው በጣም ያጠረበት ቦታ ላይ ፀሐይ አይፒሱ ውስጥ ትገኛለች። ለፎቶ 700 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ ካሜራው ላይ 6 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያላት ፀሐይ ይሰጣል። በአይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን የመሳብ መጠን) 100 ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ጀምራችሁ አስተካክሉ፤ ትኩረቱን በጥቁር ነጥቦቿ ወይም በጠርዟ ያዙ። 3.8 የሚል የጥቁረት ቁጥር ያለው ፊልም ለካሜራ ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይበትም። ቀይ ነበልባል የሚታይባቸው ምስሎች ደግሞ በሌላ፣ የሃይድሮጅንን ብርሃን ብቻ ነጥሎ በሚያሳልፍ መሣሪያ የተነሱ ናቸው፤ ይህ ፊልም አያሳያቸውም።

ጎንደር ላይ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ከጣሪያና ከአስፋልት ርቆ ሣር ላይ መቆም ምስሉን ያረጋጋዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ ግብፅ ሉክሶር ላይ ሙሉ ቢሆንም ጎንደር ላይ ከፊል ነው፤ ማጣሪያ የሚነሳው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ብቻ ስለሆነ እዚህ የሚነሳበት አንዲት ሰከንድ የለችም። ወሩ ክረምት ነውና ደመናው ሳስቶ ፀሐይ ለዓይን የምትመች ብትመስልም እንኳ አይነሳም፤ ደመናው ሲገለጥ ዓይን ከአይፒሱ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም።