ብሮድባንድ ምንድን ነው? ለአነስተኛ ንግድስ ምን ይፈይዳል?

ብሮድባንድ ሲባል አብዛኛው ሰው “ፈጣን ኢንተርኔት” ብሎ ይረዳዋል። አልተሳሳተም፤ ቃሉ ራሱ ግን የሚናገረው ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስለ ስፋት ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚጓዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ባለ ጠባብ የሞገድ ክልል ነው። የድሮው የመደወያ ኢንተርኔት መረጃውን ወደ ድምፅ እየለወጠ በዚያው ጠባብ በር ያሾልክ ስለነበር፣ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ብቻ ያሳልፍ ነበር። ስልኩም እስከዚያው ይያዛል። ዲኤስኤል የተባለው ቴክኖሎጂ ሽቦውን ሳይለውጥ ከድምፁ በላይ ያለውን ሰፊ የሞገድ ክልል ሥራ ላይ አዋለው፤ በአንድ መስመር እያወሩ ኢንተርኔት መጠቀምም ተቻለ። ዛሬ በፋይበር፣ በኬብል፣ በሞባይል ኔትወርክና በሳተላይት የሚመጣው ፈጣን ግንኙነት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል።

ብሮድባንድ ለመባል ስንት መድረስ አለበት ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ልኩ በየጊዜው ከፍ ይላል። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰከንድ 25 ሜጋቢት ለማውረድ፣ 3 ሜጋቢት ደግሞ ለመላክ ብሎ ነበር። በ2024 ወደ 100 እና 20 አሳደገው።

ማስታወቂያዎች በትልቁ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ነጋዴ ግን ዓይኑን መትከል ያለበት በሁለተኛው ላይ ይመስለኛል። ቤቱ ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ሰው በአብዛኛው ተቀባይ ነው፤ ነጋዴ ላኪም ነው። የዕቃውን ፎቶግራፍ ይልካል፣ ደረሰኝ ይልካል፣ ከደንበኛ ጋር በቪዲዮ ይነጋገራል፣ የሒሳብ መዝገቡን ቅጂ በሩቅ ባለ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ያስቀምጣል። ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ አንድ ባለሙያ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት የሆኑ 40 ፎቶግራፎችን ለገዢ ሊልክ ነው እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ጠቅላላው 1,600 ሜጋቢት ይሆናል። የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ 27 ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል፤ 20 ከሆነ 80 ሰከንድ ይበቃዋል። (ቢትና ባይትን አለመለየት ብዙ ገዢ ያሳስታል፤ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በቢት፣ የፋይል መጠን የሚለካው በባይት ነው።)

ሌላው በማስታወቂያ የማይነሳው ጉዳይ መዘግየት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትዞር ሳተላይት ጥያቄን አድርሳ መልስ እስክትመልስ፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ለኢሜይል ምንም ማለት አይደለም። በንግግር መሐል ግን ሁለቱም እኩል አፍ እየከፈቱ ይቋረጣሉ። ወደ 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት አዳዲስ ሳተላይቶች ይህን ችግር በእጅጉ አቃልለውታል።

መስመሩ ከገባ በኋላስ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሁለት ተቋማት፣ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና ዩኔስኮ፣ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቋቋሙት የብሮድባንድ ኮሚሽን ለ2025 ካስቀመጣቸው ግቦች መካከል ከግንኙነት ውጭ የሆኑትን ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በግማሽ መቀነስ ይገኝበት ነበር። መሠረታዊው የብሮድባንድ ዋጋም ከነፍስ ወከፍ ወርኃዊ ብሔራዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ይል ነበር። ግቦቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን መገናኘትና መጠቀም አንድ አይደሉም። አነስተኛ ንግድን እንረዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ሽቦ ዘርግተው ኮምፒውተር አስረክበው ሲጨርሱ፣ ባለሱቁ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሶ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ደብተሩ ሥራውን ያውቀዋል፤ ኮምፒውተሩን ግን ከሥራው ጋር ማንም አላስተዋወቀለትም።

ስለዚህ እርዳታው ሰውየው ጊዜውን ከሚያባክንበት ቦታ ቢጀምር ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቦታ ድረ ገጽ ሳይሆን መዝገብ ነው፦ ምን ተሸጠ፣ ምን ቀረ፣ ማን ዕዳ አለበት። መዝገቡ ዲጂታል ከሆነ ክፍያን በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቀበልም፣ ብድር ሲጠይቁ የሽያጭ ታሪክ ማሳየትም ይቀልላል። ድረ ገጹ ይደርሳል። በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ብቻ መነገድም በሰው ግቢ ሱቅ እንደመክፈት ነው፤ ባለቤቱ ደንቡን በለወጠ ጊዜ ደንበኛው አብሮ እንዳይጠፋ የደንበኞችን አድራሻ ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

ውል ከመፈረም በፊትም ያንኑ አገልግሎት ከሚጠቀም ጎረቤት ዘንድ ሄዶ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ፍጥነቱን መለካት ነው፤ ሌሊት ላይ ሁሉም መስመር ፈጣን ነው። መስመሩ ሲቋረጥ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን በውሉ መስፈሩን፣ እስኪጠገን ድረስም ክፍያ የሚቀበሉበት የሞባይል ዳታ መኖሩን ማረጋገጥ ከተጨማሪ 10 ሜጋቢት ይበልጣል።