ተርነር ኮንቴምፖራሪ፦ የማርጌት ጋለሪ የመጀመሪያ ዓመትና ከዚያ ወዲህ

ተርነር ኮንቴምፖራሪ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ግዛት፣ በማርጌት ከተማ የባሕር ዳርቻ ላይ የሚገኝ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው ኤፕሪል 16 ቀን 2011 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መግቢያው ነጻ ነው። የራሱ ቋሚ ስብስብ የለውም፤ የሚያሳየው ሁሉ ወይ በውሰት የመጣ ነው፣ ወይ ለቦታው ተብሎ የተሠራ። ታዋቂ ሥዕል ሳይኖረው፣ ከለንደን ርቆ፣ ሰው በሸሻት ከተማ ውስጥ የተከፈተ ቤት በመጀመሪያው ዓመት 156 ሺህ ሰው እንዲጎበኘው ታቅዶ ነበር። የመጣው ግን ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝብ ነው።

ቁጥሩ ለምን እንዳስደነቀ የሚገባን ማርጌት ምን ላይ ወድቃ እንደነበር ስናውቅ ነው። ከተማዋ ከአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የለንደን ሰው ለመዋኘትና ለመዝናናት የሚወርድባት ነበረች። መጀመሪያ በጀልባ፣ ኋላ በባቡር ይመጡ ነበር። በ1920 የተከፈተው ድሪምላንድ የተባለው የመጫወቻ ሥፍራና በውስጡ ያለው የእንጨት ሮለርኮስተር ለብዙ ትውልድ የበጋ ትዝታ ሆኖ ኖሯል። ከዚያ የርካሽ አውሮፕላን ጉዞ ዘመን መጣና የእንግሊዝ ሠራተኛ ፊቱን ወደ ስፔን አዞረ። ሆቴሎቹ በየክፍሉ እየተሸነሸኑ ለድኻ ተከራዩ፤ በዋናው መንገድ ዳር ሱቆች እየተዘጉ መስታወታቸው በጣውላ ተመታ። ድሪምላንድም ተዘጋ፤ በኤፕሪል 2008 ያ የእንጨት ሮለርኮስተር በእሳት ተያይዞ ትልቁ ክፍሉ ወደመ። ጋለሪው የሚሠራው እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነበር። «የሚበላ ሥራ አጥተን ሳለ ሥዕል ምን ያደርግልናል?» ማለት በከተማዋ የተለመደ ነበር፤ ጥያቄውም ቂልነት አይደለም።

ስሙ የመጣው ከሠዓሊው ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር (1775–1851) ነው። ተርነር በልጅነቱ፣ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሳለ፣ ማርጌት ተልኮ ተምሯል። ጎልምሶም ደጋግሞ ተመለሰ። ባሕሩንና ሰማዩን ወድዶት ነበር፤ የአካባቢው ሰማይ በአውሮፓ ካሉት ሁሉ የሚያምር ነው ይል እንደነበር ይነገራል። የሚያርፈው በወደቡ አጠገብ ክፍል እያከራዩ በሚተዳደሩ ሶፊያ ቡዝ በተባሉ ሴት ቤት ነበር። ወይዘሮዋ ባላቸው ከሞተ በኋላ ከሠዓሊው ጋር አብረው ኖሩ። በኋላ ለንደን፣ ቼልሲ ሲገቡ ታላቁ ሠዓሊ ማንነቱን ደብቆ በሴትየዋ ስም ይጠራ ስለነበር ጎረቤቶቹ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ሰው መስሏቸው «አድሚራል ቡዝ» ይሉት ነበር። ሕይወቱም ያለፈው በዚያው ቤት ነው። የማርጌቱ የኪራይ ቤት ዛሬ የለም፤ ጋለሪው የቆመው ግን እርሱ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ከትልቁ መስኮት የሚታየውም ተርነር ያየው ያው ባሕር ነው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው እዚያው፣ በከተማዋ ነዋሪዎች መካከል ነው። ድርጅቱ በ2001 በኬንት ካውንቲ ምክር ቤት ሲመሠረት ግን ገና ቤት አልነበረውም፤ ለዓመታት በወደቡ ላይ ባለች ድሮይት ሐውስ በምትባል ትንሽ አሮጌ ቤትና በተገኘው ሥፍራ ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀ ቆየ። የመጀመሪያው የሕንጻ ዕቅድ ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ከእንግሊዛዊው ስፔንስ ጋር ያቀረበው ሲሆን፣ ከወደቡ የድንጋይ ክንድ ጎን፣ ማዕበል በሚመታው ቦታ ሊቆም የታሰበ ነበር። ሥዕሉ ያምር ነበር። ወጪው ግን ከዓመት ዓመት እየናረ ሄዶ በ2006 ተሰረዘ፤ ጉዳዩም ክስ ድረስ ሄዶ በስምምነት አለቀ። ወደ ደረቁ መሬት የተመለሰው አዲሱ ንድፍ ለእንግሊዛዊው አርክቴክት ለዴቪድ ቺፐርፊልድ ተሰጠ። ግንባታው 17.5 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ፤ ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከካውንቲው፣ ከእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤትና ከአካባቢው የልማት ኤጀንሲ ነው። ቺፐርፊልድ በዚያው በ2011 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ዌክፊልድ ከተማ፣ ሌላ ጋለሪ አስመርቋል፤ በ2023 ደግሞ በሥነ ሕንጻ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ወስዷል።

ሕንጻው ከደጅ ሲታይ መጋዘን ይመስላል የሚሉ ነበሩ፤ አልተሳሳቱም። ነጣ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ መስታወት የለበሱ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ስድስት ቤቶች ናቸው፤ ጣሪያቸው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘቀዝቃል። ማዕበል ሲያይል ውኃ እንዳይገባው መሠረቱ ከፍ ተደርጓል። ምስጢሩ ያለው ጣሪያው ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሰሜን ያያል። አውሮፓ ውስጥ የሠዓሊ ስቱዲዮ መስኮት ወደ ሰሜን የሚዞረው ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት ነው፤ ጥላው አይንከራተትም፣ ቀለሙም ከጧት እስከ ማታ አያታልልም። (አዲስ አበባ ላይ ይህ ዘዴ ክረምት ላይ ይከሽፋል፤ በሰኔ የቀትር ፀሐይ ራሷ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው።) እናም ማርጌት ውስጥ ሥዕሉን የሚያዩት ተርነር ቀለሙን ይበጠብጥበት በነበረው ዓይነት ብርሃን ነው። ደመና ሲያልፍ ክፍሉ ይጠቁራል፤ ደመናው ሲሄድ ይፈካል። ለኔ የሕንጻው ትልቁ ሥራ ይኸው ነው።

የመክፈቻው ዕለት ጋለሪውን የመረቁት ማርጌት ያደገችው ሠዓሊ ትሬሲ ኤሚንና ሙዚቀኛው ጁልስ ሆላንድ ነበሩ። በመጀመሪያው ዐውደ ርዕይ ከተርነር የቀረበው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ እርሱም የማርጌት ባሕር ሳይሆን በካሪቢያን ደሴት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። የቀረው በሕይወት ላሉ ሠዓሊዎች ተተወ። ፈረንሳዊው ዳንኤል ቡረን ባሕሩን የሚያየውን ግዙፍ መስኮት በመስመር ሸፍኖ መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ ተወለት፣ ግራና ቀኙንም መስተዋት አደረገ። ገብቶ የሚያይ ሰው ባሕሩን ተቆርጦና ተባዝቶ ያገኘዋል። ሥዕል ለማየት የመጣውን ሰው በገዛ ባሕሩ መቀበል ብልህነት ነበር፤ የማርጌት ሰው ያን መስኮት ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ዐውደ ርዕይ ትኩረቱን ወጣቶች ላይ አደረገ። ከሴፕቴምበር 2011 እስከ ጃንዋሪ 2012 የቆየ ሲሆን ስለ ወጣትነት ነበር፤ የአካባቢው ወጣቶችም በዝግጅቱ ተካፍለዋል። ኖቬምበር ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጎበኙት። ከዚያ በፊት ግን፣ በኦክቶበር፣ ከቴት ሙዚየም በውሰት አንድ ከባድ እንግዳ ገብቶ ነበር፤ ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ፍቅረኞች ሲሳሳሙ የሚያሳየው የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን የእብነ በረድ ሐውልት።

ይህ ሐውልት ከትናንሽ ከተሞች ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ያስቀረጸው ሉዊስ በተባለች የደቡብ እንግሊዝ ከተማ ይኖር የነበረ አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። በ1914 ለከተማዋ ማዘጋጃ ቤት አዋሰው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወታደሮች ከተማዋ ውስጥ ሰፈሩ፤ አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርትም የወጣቶቹን ስሜት ያነሣሣል ብለው አቤቱታ አነሡ። ሐውልቱ ዙሪያው ታጥሮ አንሶላ ተጣለበት፤ በ1917 ደግሞ ወደ ባለቤቱ ግቢ ተመልሶ በጋጣ ተቀመጠ። ማርጌት ውስጥ ግን ባሕሩ በሚታይበት በዚያው ትልቅ መስኮት ፊት፣ ያለ አንሶላ፣ ያለ አጥር፣ ከአንድ ዓመት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ቆመ። በነጻ ገብቶ ሮዳንን ማየት ብዙዎችን ስቧል። ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ የተርነር ሥዕሎች በብዛት መጡ፤ በሜይ መጨረሻ ኤሚን የራሷን ዐውደ ርዕይ ይዛ ወደ ልጅነት ከተማዋ ተመለሰች።

ሰው መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ሌላ። በብዙ ጋለሪ ውስጥ ጥግ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ሥራው «አትንካ» ማለት ነው። ተርነር ኮንቴምፖራሪ ውስጥ ይህን ሰው «ናቪጌተር» ይሉታል፤ መንገድ መሪ እንደ ማለት ነው። የሚሠለጥነው ለጥበቃ ብቻ ሳይሆን ለጨዋታም ነው። ጋለሪው የፍልስፍና የውይይት ዘዴን ለሠራተኞቹና ለአካባቢው ታዳጊዎች አስተምሯል። ዘዴው ቀላል ነው፦ የሥዕሉን ትርጉም አትነግርም፤ «ምን ይታይሃል?» ትላለህ፤ መልሱን ሰምተህ «ምኑን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» ብለህ ትቀጥላለህ። ሌላው ሰው ካልተስማማ እሱንም ትጠይቃለህ። የሠለጠኑት ታዳጊዎች ትልልቅ ጎብኚዎችን ይዘው እንዲህ ያወያያሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ «አይገባህም» ተብሎ ያደገ ሰው በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲባል፣ ቤቱ የሌላ ሰው ነው የሚለው ስሜት ይቀንሳል።

ይህ አካሄድ ከፍ ብሎ የታየው በ2018 ነው። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየት በ1921 መከር ሕመም አድክሞት ማርጌት መጥቶ ሲያርፍ፣ ከባሕሩ ፊት ባለች መጠለያ ተቀምጦ «ዘ ዌስት ላንድ» ከተባለው ረጅም ግጥሙ አንድ ክፍል ጽፏል። ጋለሪው በዚህ ግጥም ላይ ዐውደ ርዕይ ለማዘጋጀት ሲነሣ ሥራውን ለባለሙያ ብቻ አልሰጠም፤ ከአካባቢው በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ የጥናት ቡድን አቋቋመ። ሦስት ዓመት ያህል ግጥሙን አብረው አነበቡ፣ ተከራከሩ፣ የትኛው ሥራ ይምጣ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ወሰኑ። ከመካከላቸው ግጥሙን ከዚያ በፊት አንብበው የማያውቁ ነበሩ። ባለሙያ ብቻውን ቢሠራው በፍጥነት ያልቅ ነበር፤ ጋለሪው ዝግታውን መረጠ።

በሚቀጥለው ዓመት የብሪታንያ ዋነኛው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሽልማት፣ ተርነር ፕራይዝ፣ ማርጌት ላይ ተካሄደ። አራቱ ዕጩዎች ሎውረንስ አቡ ሐምዳን፣ ሔለን ካሞክ፣ ኦስካር ሙሪዮና ታይ ሻኒ ነበሩ። ለዳኞቹ ደብዳቤ ጽፈው «አንወዳደር፣ እንደ ቡድን ቁጠሩን» አሉ፤ ሽልማቱም ለአራቱም በጋራ ተሰጠ። ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው በ2015 እንደገና በተከፈተው በድሪምላንድ ነበር።

ከዕድገቱ ጋር ቅሬታም አብሮ አድጓል። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ፈጣኑ ባቡር ማርጌትን ለለንደን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አቅርቧት ነበር፤ ጋለሪው ደግሞ የመምጫ ምክንያት ሰጠ። በአሮጌው ከተማ ካፌዎች፣ የድሮ ዕቃ መሸጫዎችና ትናንሽ ጋለሪዎች ተከፈቱ። ተከትለውም ቤት ገዢዎች መጡ። የአገሩ ሰው «ከለንደን የወረዱ» የሚላቸው እነዚህ መጤዎች የቤት ዋጋና ኪራይ አስወድደዋል ተብለው ይወቀሳሉ። ከጋለሪው ብዙም የማይርቀው ክሊፍተንቪል አሁንም በእንግሊዝ ድኽነት ከጠናባቸው ሠፈሮች አንዱ ነው። ጋለሪ የቤት ኪራይ ሊተምን አይችልም፤ ግን የጎብኚ ብዛት ብቻ እየተጠቀሰ «ከተማዋ ዳነች» ሲባል፣ የዳነው ማን እንደሆነ ሳይነገር ይታለፋል። ያ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ሲመጣ የሻይ ቤት ገቢ ጨምሯል፤ ያው ግርግር የሻይ ቤቷን አስተናጋጅ ከተከራየችበት ክፍል ሊያስወጣትም ይችላል።

ከግንባታው በፊት ጀምሮ ጋለሪውን የመሩት ቪክቶሪያ ፖሜሪ በ2021 ወደ ፕሊመዝ ሲሄዱ ክላሪ ዋሊስ ተተክተዋል። ኤሚን ማርጌት ተመልሳ ገብታለች፤ ለወጣት ሠዓሊዎችም ስቱዲዮ ከፍታለች።

ለሚሄድ ሰው፦ ባቡሩ ከሴንት ፓንክራስ ይነሣል። ከጣቢያው ወጥተው ባሕሩን በግራ አድርገው አሸዋውን ተከትለው ሲሄዱ ነጩ ሕንጻ ከሩቅ ይታያል። ከመነሣትዎ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ይመልከቱ። ከጋለሪው ፊት ለፊት፣ ድንጋዩ ላይ፣ እንግሊዛዊው ቀራጺ አንቶኒ ጎርምሊ የሠራው የብረት ሰው ከ2017 ጀምሮ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ቆሟል። የሚታየው ውኃው ሲሸሽ ነው፤ ሲሞላ ይዋጣል።