"ጤነኛ ነኝ" የሚሉ ሚስዮናውያንና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ቅዳሜ የቤት ኅብረት ነበረን። ጸሎቱ አልቆ ሻይና ዳቦ ቀርቦ፣ አንድ ወንድም ስለ "ያልተደረሱ ሕዝቦች" (ወንጌል ስላልደረሳቸው ማለቱ ነው) ያወራን ጀመር። ወሬው እንደተለመደው ሰሜን ሴንቲነል ደሴት ደረሰ። እንደተለመደውም "ልጁ እኮ ጤነኛ ነበር፣ ክትባቱንም ወስዷል፣ ምን ያደርጋቸዋል?" በሚል ተዘጋ።

እኔ ክትባት ላይ 12 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ይህችን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያን ቀን ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም ስላደረገችኝ ዝም አልኩ። እዚህ ግን የሚጎሽመኝ የለም።

ታሪኩን ላልሰማ ሰው ባጭሩ ልንገረው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጆን አለን ቻው የ26 ዓመት አሜሪካዊ ነበር። በኖቬምበር 2018 ለዓሣ አጥማጆች 25 ሺህ ሩፒ ከፍሎ፣ በሕንድ ሥር ካሉት የአንዳማን ደሴቶች ወደ አንዷ፣ ወደ ሰሜን ሴንቲነል በድብቅ ተሻገረ። ደሴቷ ላይ የሚኖሩት ሰዎች እንግዳ አይቀበሉም። መሄድም በሕግ የተከለከለ ነው። ዓሣ፣ መቀስና ኳስ በስጦታ ይዞላቸው ነበር። አንድ ልጅ የወረወረው ፍላጻ የያዘውን መጽሐፍ ቅዱስ መታው። ሸሽቶ ወደ ጀልባው ተመለሰ። በማግስቱ እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዓሣ አጥማጆቹ አስከሬኑ አሸዋ ላይ ሲጎተት ከሩቅ አዩ። በኋላ እነሱ ታሰሩ።

እኔም አማኝ ነኝ፤ በልጁ እምነት ላይ ልፈርድ አልመጣሁም። ስለ እሱ የሚወራውን ግን አንድ በአንድ እንየው።

"ሌላ ሰው መኖሩን አያውቁም።"

አሳምረው ያውቃሉ። በ1880 ሞሪስ ቪዳል ፖርትማን የሚባል እንግሊዛዊ ሹም ሰው አስከትሎ ደሴቷ ላይ ወረደ። ነዋሪዎቹ ወደ ጫካ ሸሹ። ሮጠው ማምለጥ ያልቻሉ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት አሮጊትና አራት ሕፃናት ተያዙ። ፖርት ብሌር ወደምትባለው ከተማ ወሰዳቸው። ሁሉም ታመሙ። ሽማግሌውና አሮጊቷ ሞቱ። ልጆቹን ስጦታ አሸክሞ መለሳቸው። ከስጦታው ጋር ምን ዓይነት በሽታ ይዘው እንደገቡ የመረመረ የለም። እንግዲህ እዚያች ደሴት ላይ አያት ለልጅ ልጅ የሚያወራው ታሪክ ይኼ ቢሆን ማን ይገረማል?

ፔሩም ውስጥ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ማሽኮ ፒሮ የሚባሉት የአማዞን ሰዎች ዛሬ "የድንጋይ ዘመን ሰዎች" እየተባሉ ፎቶ ይነሣሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጎማ ነጋዴዎች ሲገድሏቸውና ባሪያ ሲያደርጓቸው ወደ ወንዞቹ ምንጭ የሸሹ ናቸው። እኛ ገና አላወቁንም እንላለን። እነሱ ካወቁን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

"ሰው ይበላሉ።"

አይበሉም። ማስረጃ ያለው ሰው ያምጣ። በ1991 ማዱማላ ቻቶፓድያይ የተባለች አንትሮፖሎጂስት ያለችበት የሕንድ ቡድን ሄዶ ኮኮናት ከእጅ ወደ እጅ ተቀብለውታል።

"ወንጌሉን ሰምተው እምቢ አሉ።"

በምን ቋንቋ? ቋንቋቸውን ከደሴቷ ውጭ የሚያውቅ የለም። ቻው በእንግሊዝኛ ጮኸላቸው፣ መዝሙር ዘመረላቸው፣ ጥቂት የኮሳ ቃላትም ሞከረ። ኮሳ የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው። ለምን እንደመረጠው እግዜር ይወቅ። እነሱ ግን መልሳቸውን ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ሰጥተውታል።

"ጤነኛ ነኝ፤ በሽታ የለብኝም።"

ወደ ነገሬ ደረስኩ።

በእኛ ቋንቋ ጤነኛ ማለት ያልተኛ ሰው ማለት ነው። ጉሮሮህ ግን ሌላ ታሪክ አለው። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ኒሞኮከስ ነው። ምንም በማያማቸው ሰዎች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ከብዙዎቻችን ጋር እስከ ዕለተ ሞታችን አብሮን አለ። ኢንፍሉዌንዛ ከማሳሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይተላለፋል። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ይተላለፋል። ክትባት የሚከላከለው ለተከተብክበት በሽታ ብቻ ነው፤ የአፍና የአፍንጫህን ነዋሪ በሙሉ አጥቦ አያወጣም።

"ወሸባ ገብቶ ነበር" የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ለቀናት ራሱን አግልሎ ነበር። ከወሸባው ወጥቶ የገባው ግን ጀልባ ውስጥ ነው፤ ጀልባው ውስጥ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ኮሮና ጊዜ 14 ቀን ሆቴል ተቀምጦ፣ ሲወጣ አቃፊና ሳሚ ዘመድ ተሰልፎ የጠበቀው ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል።

"ታዲያ እኛ ጉንፋን ሲይዘን እንሞታለን እንዴ?" ይሉኛል። እኛማ አንሞትም። እኛና ጉንፋን አብረን ያደግን ነን። እስቲ "ክፉ ቀን" ሲባል የሰማችሁትን አስታውሱ። በ1887 በምፅዋ በኩል፣ ለጣሊያን ጦር በመጡ ከብቶች፣ "ደስታ" የሚባለው የከብት በሽታ አገራችን ገባ። (ስሙን ያወጣለት ሰው ይቅር ይበለው።) ከአሥር ከብት ዘጠኝ ያህሉ አለቀ። ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፣ ረሃቡ ተከተለ። የእኛ ከብቶች ከሌላው አገር ከብት ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በሽታውን ከዚያ በፊት አይተውት ስለማያውቁ ነው። በሰውም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ያኖማሚ የሚባሉትን የአማዞን ሰዎች ታሪክ እነግረዋለሁ። ብራዚል ውስጥ ቶቶቶቢ በሚባል ቦታ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ጣቢያ ነበራቸው። ወደ 1967 መጨረሻ ላይ የአንዱ ሚስዮናዊ ትንሽ ልጅ ከማናውስ ከተማ ኩፍኝ ይዛ መጣች። ሕፃን አተኮሳት፣ በቃ። ማንም ክፉ አላሰበም። ኩፍኙ ከመንደር መንደር ሄደ። ከሞቱት መካከል የዳቪ ኮፔናዋ እናት አለች። ዳቪ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የያኖማሚዎቹ ተጠሪ ነው። "ዳቪ" የሚለውን ስም ያወጡለት ራሳቸው ሚስዮናውያኑ ናቸው። ስሙንም የእናቱንም ሞት ያገኘው ከአንድ ጣቢያ ነው።

ብዙ ሰው የማይገባው ሌላም ነገር አለ። እኛ ቤት አንዱ ሲታመም ሌላው አጥሚት ያፈላል። ማንም በሽታውን የማያውቅበት መንደር ውስጥ ግን ሁሉም ባንድ ሳምንት ይወድቃል። ውኃ የሚቀዳ የለም። አድኖ የሚመጣ የለም። ጡት የሚጠባውን ሕፃን የሚያነሣ የለም። ስለዚህ በሽታውን የተቋቋመውም በጥማትና በረሃብ ይሞታል። ፔሩ ውስጥ ናሁዋ የሚባሉት በ1984 ከእንጨት ቆራጮች ጋር ከተገናኙ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ አልቀዋል።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለኩፍኝ ዘመቻ ከመኪና መንገድ ወርደን የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ያለው ቀበሌ ሄድን። ከመሃላችን አንዱ ያስነጥሰው ነበር። "አቧራ ነው" አለ። እኛም አቧራ ነው አልን። ከ10 ቀን በኋላ የቀሩትን ልጆች ለመክተብ ስንመለስ ግማሹ መንደር ያስላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ እንደ ቀልድ "እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ነው" አለችኝ። ማንም አልሞተም። ሰዎቹ ገበያ የሚወጡ፣ በየዓመቱ ጉንፋን የሚያውቃቸው ናቸው። እኔ ግን ቫክሲን ካሪየሩን አንግቤ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ በሽታ ተሸክሜ ገባሁ። ሙያዬ ነው፤ ያውም በጎ ሥራ ላይ ነበርኩ። እና አንድ ወጣት "ተጠንቅቄያለሁ" ሲለኝ እንዴት ልመነው?

"መድኃኒት ይዘን እንሄዳለን።"

ኩፍኝን የሚገድል መድኃኒት የለም። ክትባት ነው ያለው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተበጠበጠ ብልቃጥ ከስድስት ሰዓት በላይ አያድርም። ሁለተኛ ዙርም ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ዙር ደሴቷ ላይ ማን ሊገባ ነው? እኛ እንኳ ስልክ ያላትን እናት ለሁለተኛው ዙር ስናሳድድ ነው የምንውለው። በነገራችን ላይ፣ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ የልጃችሁን ካርድ አውጡና እዩ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወሩ ነው። "አንዱ ይበቃዋል" የሚል ጎረቤት ካላችሁ እኔ ጋ ላኩት።

"ሕጉ የወጣው ወንጌልን ለመከልከል ነው።"

ሕንድ ሕጉን ያወጣችው በ1956 ነው፤ ያኔ ቻው ገና አልተወለደም። ቱሪስቱንም ዓሣ አጥማጁንም ይከለክላል። በ2025 ሌላ አሜሪካዊ ወጣት እዚያው ደሴት ወርዶ፣ አንድ ኮኮናትና አንድ ጣሳ ኮካ አስቀምጦ፣ ቪዲዮ ቀርጾ ተመለሰ። እሱም ታሰረ። ኮካ እየሰበከ እንደነበር የጠየቀው የለም።

"የኢኳዶሩስ? እነዚያ አልዳኑም?"

ይህ ጥያቄ ትንሽ ይከብዳል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። በጃንዋሪ 1956 ኢኳዶር ውስጥ አምስት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ዋኦራኒ በሚባሉ የጫካ ሰዎች ጦር ተገደሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአንደኛው ሟች ሚስት ኤሊዛቤት ኤሊየትና የሌላኛው እኅት ሬቸል ሴይንት ሄደው ከገዳዮቹ ጋር መኖር ጀመሩ። ሚስትየዋ ትንሽ ልጇን ይዛ ነው የሄደችው። ብዙዎች አመኑ። ዋኦራኒዎች እርስ በርስ የሚገዳደሉበት ደም መመላለስም በጣም ቀነሰ። ይህን መካድ አልችልም፤ የይቅርታው ነገር እኔንም ያስለቅሰኛል።

በስብከት የማትሰሙት ሌላው ግማሽ ነው። ተበታትነው ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች አንድ ቦታ ሰበሰቧቸው። በ1969 ፖሊዮ ገባ። ከአሥር በላይ ሰው ሞተ፣ ሌሎቹ ሽባ ሆነው ቀሩ። በጫካ አድኖ ለሚበላ ሰው እግር ማጣት ምን እንደሆነ አስቡት። ሰዎቹ የለቀቁት መሬት ላይ ደግሞ የነዳጅ ኩባንያዎች ገቡ። ሁለቱን ሴቶች እየከሰስኩ አይደለም። ታሪኩን የምትተርኩ ግን እስከ መጨረሻው ተርኩት።

"ሚስዮናውያን ሁሉ እንደዚህ ናቸው።"

ይህ ደግሞ የተማሩት ጓደኞቼ ስህተት ነው። የብራዚል ካቶሊኮች በ1972 ያቋቋሙት የአገሬው ሕዝቦች ሚስዮን ምክር ቤት ተነጥለው የሚኖሩ ሰዎች መሬታቸው እንዳይነካ ሲሟገት ኖሯል። ኢኳዶር ውስጥም ጳጳስ አሌሃንድሮ ላባካና እኅት ኢነስ አራንጎ በ1987 ታጋኤሪ ወደሚባሉት ተነጥለው የሚኖሩ ሰዎች የሄዱት ነዳጅ ፈላጊዎቹ ሳይደርሱባቸው ሊያድኗቸው ነው። ሁለቱም በጦር ተወግተው ሞቱ። አሳባቸው ከቻው ይለያል። ከበሩ ውጭ ሆኖ ለሚመለከታቸው ሰው ግን ያው የመጣ እንግዳ ናቸው።

"እኛም አገር ኦሞ ውስጥ እንዲህ ተነጥለው የሚኖሩ አሉ።"

የሉም። ሙርሲም ሐመርም ገበያ ይወጣሉ፣ ይከተባሉ፣ ከእናንተ በላይ ቱሪስት አይተዋል።

"ታዲያ እንደ ሙዚየም ዕቃ ዘግተንባቸው እንቀመጥ?"

የዘጋነው እኛ አይደለንም፤ በሩ ከውስጥ ነው የተቆለፈው። ብራዚላዊው ሲድኒ ፖስዌሎ ለዓመታት እንዲህ ያሉ ሰዎችን ፈልጎ ማግኘት ሥራው ነበር። ባገኛቸው ሰዎች ላይ የሆነውን አይቶ ሐሳቡን ቀየረ። ከ1987 ጀምሮ የብራዚል መንግሥት አሠራር ራሳቸው ካልመጡ አትሂዱባቸው፣ መሬታቸውን ጠብቁ የሚል ሆነ። ራሳቸው ሲመጡ ነው የሐኪም ሥራ የሚጀምረው።

ዞኤዎችን ላሳያችሁ። ሰሜን ብራዚል ጫካ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሦስት መቶ ገደማ ሰዎች ናቸው። ሚስዮናውያን በ1987 ጣቢያ ከፈቱላቸው። ጉንፋንና ወባ ገብቶ ሰው አለቀ። መንግሥት በ1991 ሚስዮናውያኑን አስወጣ፤ ሐኪሞች እዚያው እየኖሩ ማከም ጀመሩ። ኮሮና ሲመጣ ዞኤዎች ማንም ሳያስገድዳቸው በየቤተሰቡ ተበታትነው ጫካ ገቡ። ክትባቱ ሲደርስ ጫካ ውስጥ ጎጆዎች ተዘጋጁ፤ አንዱ ቤተሰብ ሌላውን ሳያገኝ ተራ በተራ እየመጣ ተከተበ። በጃንዋሪ 2021 አንድ ወጣት መራመድ የማይችሉ አባቱን አዝሎ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ተጉዞ መጣ። አባትየው ተከተቡ። ልጁም አባቱን እንደገና በጀርባው አድርጎ ወደመጣበት ሄደ።