የተሳፋሪ ክንድ ማሳረፊያ ምንድን ነው? (የደህንነት ቀበቶ እንዳይመስላችሁ)

«ሚስትህ ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ ስትቀመጥ የምትፈራ ከሆነ አርምሬስት (ክንድ ማሳረፊያ) አስገጥምላት፤ እንቅልፍ ቢወስዳትም አትወድቅም።» ይሄን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ብሶ ልጅም በዚሁ መጫን ይቻላል አለ። ኧረ ተው ወዳጄ!

የማወራው ለረጅም መንገድ ስለሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ነው። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ቱር፣ ሃርሊ ኡልትራ፣ ቢኤምደብልዩ ኬ1600 ጂቲኤል የመሳሰሉት። ማሳረፊያው ከተሳፋሪው የጀርባ መደገፊያ ግራና ቀኝ እንደሚገጠም ታውቃላችሁ፣ ልለፈው።

ሥራው የክንድን ክብደት መሸከም ነው፣ አለቀ። የሰው ሁለት ክንዶች ከሰውነቱ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናሉ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከትከሻው ላይ 7 ኪሎ ያህል ተንጠልጥሎበታል ማለት ነው። ለሃያ ደቂቃ አይታወቅም። ለአራት ሰዓት ግን፣ ሄልሜት አናት ላይ ተጭኖ፣ ነፋሱ ክንድን እየገፋ፣ አንገትና ትከሻን ይጠዘጥዛል።

ሰውን የሚያሳስተው የመኪና ልማድ ይመስለኛል። መኪና ኩርባ ሲይዝ ሰውነታችን ወደ ጎን ስለሚሄድ የበሩን መያዣ እንጨብጣለን። ሞተር ግን ኩርባ ላይ ያጋድላል። ኩርባው የሚያመጣው ግፊትና የሰውየው ክብደት ተደምረው በመቀመጫው በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ። ተሳፋሪው ከሞተሩ ጋር እስካጋደለ ድረስ ወደ ጎን የሚጥለው ነገር የለም። እንዲያውም ማሳረፊያውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ የሚታገል ተሳፋሪ ለነጂው ፈተና ነው።

ኃይሉ ያለው ከፊትና ከኋላ ነው። ነጂው ጋዝ ሲሰጥ ተሳፋሪው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያንን የጀርባ መደገፊያው ይይዝለታል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ክንድ ማሳረፊያ ከፊት ክፍት ነው፣ ማንንም አያቆምም። ለፍሬን የሚሆነው በመቀመጫው ጎን ያለው መያዣ ወይም የነጂው ወገብ ነው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሁለቱንም አይዝም። እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ማሳረፊያ ኖረም አልኖረም።

መከዳን አስቡ። እንግዳ ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ መከዳ ይቀርብለታል፤ ክንዱን ጣል አድርጎበት ይጫወታል። እንዳይወድቅ ነው የሚል የለም። መከዳው ከፍ ካለ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይገፋበታል። ዝቅ ካለ ወገቡን ያጣምመዋል። ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ክንዱ ይሰምጥና መኖሩም አለመኖሩም አንድ ይሆናል። እንግዳው ግን ካልተመቸው መከዳውን ገፋ ያደርጋል፣ ይደራርባል፣ ጎን ይቀይራል። ሞተር ላይ መከዳው በብሎን ታስሯል። ስለዚህ ልኩን ማየት ከመግዛት በፊት ነው።

ተሳፋሪው የጉዞ ጃኬቱን ለብሶ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ ትከሻውን ለቅቆ ይቀመጥ። ክርኑን ይጠፍ። ማሳረፊያው ክርኑን ከሥር ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ልኩ እሱ ነው። ለምን ዝቅ ይላል ትሉ ይሆናል። የመቀመጫ ስፖንጅ በጉዞ ላይ እየተጫነ ይወርዳል። ሰውየው አብሮት ሲወርድ ማሳረፊያው ከፍ ይልበታል። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ «አሪፍ ነው» ያለ ሰው ማታ ትከሻውን ሲያሽ የሚያመሸው ለዚህ ነው።

«ለስላሳውን ምረጥ» የሚለውም ምክር አይዋጥልኝም። ለስላሳ ስፖንጅ ሲሰምጥ ክርን ከሥሩ ያለውን ደረቅ ነገር ያገኘዋል። በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ከተጫነ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይደነዝዛሉ። ጠንከርና ረዘም ያለው ይሻላል፤ የክንድን ሥጋ ይሸከማል፣ ክርኑን ነጻ ይተወዋል።

ሥራዬ መቀመጫ ማልበስ ስለሆነ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ስፌቱ ላይኛው ገጽ ላይ ከሆነ አትግዙ። ዝናብ በመርፌው ቀዳዳ ይገባና ስፖንጁ ይጠጣዋል። በማግስቱ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ክንዳችሁን ስታሳርፉበት እጅጌያችሁ ይረጥባል። ስፌቱ በጎን ይሁን። ጥቁር ልባስ ደግሞ በበጋ ይፋጃል። በአጭር እጅጌ ለሚጓዙ ነው ይሄ፤ በአጭር እጅጌ መጓዙ ራሱ ሌላ ወሬ ነው።

ወደ ውጭ የሚከፈተው ዓይነት ከማይንቀሳቀሰው በብዙ ይሻላል። ቋሚው ተሳፋሪው እግሩን አሻግሮ ሲወጣ ጉልበቱን ያደናቅፈዋል፤ በችኮላ መውረድ ሲመጣማ አይጣል ነው። የሚከፈተው ግን ሲከፈትም ሲዘጋም በሞተሩ ጎንና ኋላ የተገጠሙትን ሻንጣዎች ክዳን መንካት የለበትም፤ የኋላውን ድምጽ ማጉያና የተሳፋሪውን የሬዲዮ ቁልፎችም እንዳይሸፍን። «ለጎልድ ዊንግ ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። ጎልድ ዊንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሞዴል እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ ለቀድሞው የተቆረጠ ለአዲሱ አይገጥምም። በ2021 ሞዴል ደግሞ ሆንዳ የተሳፋሪውን የጀርባ መደገፊያ ከ17 ወደ 24.5 ዲግሪ አስተኛው። ጀርባ ወደ ኋላ ሲሄድ ክርንም አብሮ ይሄዳል፤ በ2018ቱ ላይ ልክ የነበረው እዚያ ላይ ሊያጥር ይችላል።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ጊዜ ብሎኑ የሚያዘው የኋላ ሻንጣው ላይ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት። ያም ሆኖ ሲነሳ ክብደቱን በሙሉ ማሳረፊያው ላይ የሚጥል ተሳፋሪ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ሲወጣና ሲወርድ የነጂውን ትከሻ ይያዝ። ከመጀመሪያው ረጅም መንገድ ስትመለሱ ብሎኖቹን ፈትሹ፤ ንዝረቱ ያላላቸዋል።