አራተኛው ተሸካሚ

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። የዕለቱን ወንጌል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። 38 ዓመት የታመመ ሰው በመጠመቂያይቱ ዳር ተኝቷል። ጌታችን መጥቶ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ «አዎን» ነው። ሰውየው ግን እንደዚያ አላለም። «ሰው የለኝም» አለ። ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም።

ይህን ንባብ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። ቃሉ የገባኝ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ዝናብ፣ እሪ በከንቱ ውስጥ አንዲት እናት በር ላይ ቆሜ ነው።

እሪ በከንቱ በአራዳ ካሉት የድሮ ሰፈሮች አንዱ ነው። ስሙ ራሱ ስብከት ነው፤ ብትጮህ ማን ይሰማሃል እንደማለት። እማማ የሚኖሩት በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ መንግሥት እጅ ከገቡት ቤቶች አንዷ ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ዝገት የበላው ቆርቆሮ። ገብቼ ሳይ ወለሉ ላይ አራት ባልዲ፣ ሁለት ሳህንና አንድ የቀለም ጣሳ ተደርድሯል። አልጋቸውን ከግድግዳ ወደ መሃል ስበውታል፤ የማያፈሰው እዚያ ብቻ ነው። ጠብታው እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተለያየ ድምፅ ያወጣል። «እማማ፣ እንዲህ እስኪሆን ለማን ነገሩ?» አልኳቸው። «ለማን ልንገር ልጄ? ሰው የለኝም እኮ» አሉኝ።

ሰው ጠፍቶ አልነበረም። በመቶ ሜትር ውስጥ ካፌው ጢም ብሎ ሞልቷል። የእማማ ሰው ግን ሄዷል። አጎራባቾቹ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤት ተበተነ፤ ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባ። እድሩም ሳሳ። ልጅ የላቸውም። መጻጉዕም እኮ በሕዝብ መካከል ነው የተኛው፤ ወንጌሉ በመጠመቂያይቱ ዳር ብዙ ሕዝብ እንደነበረ ይናገራል።

እኔ እዚያ የሄድኩት ከአንድ የሰፈራችን የአገልግሎት ክለብ ጋር ነው። እውነቱን ልናገርና ስጋበዝ ደስ አላለኝም። ክለብ ሲባል ትዝ የሚለኝ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው፤ ወይም ማታ ማታ የሚጨፈርበት ቤት። ደግሞም የምናውቀው ማኅበር አለን፤ ጽዋው አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አለ። የክለቡ አባላት ደግሞ ድብልቅ ናቸው። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ጾምና ጸሎት የማያውቅም አለ። አንድ ወዳጄ ስነግረው «ምነው፣ ደብርህ ውስጥ የሚሠራ ጠፋ?» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በደብር ማገልገል ይቅር የሚል የለም። ግን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም የተናገረውን አስቡ። ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበርከው፣ ደጅ ላይ ታርዞ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አትለፈው ነው የሚለው። ደጅ የሚጀምረው የደብሩ አጥር ካለቀበት ነው። እዚያ ደግሞ ሥራውን ቀድመው የጀመሩ ሰዎች እናገኛለን፤ ሁሉም የእኛ ሰዎች አይደሉም። ጌታችንም ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምር ካህኑንና ሌዋዊውን አሳልፎ ሳምራዊውን ነው ያሳየን። ሳምራዊው እንኳ ብቻውን አልጨረሰውም። ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጫነው፣ ከዚያ ሁለት ዲናር ከፍሎ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ አደራ ሰጠው። ያን ጠባቂ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው አልተጻፈም።

የእማማን ጣሪያ የሠራነው ቅዳሜ ስለነበር «ቅዳሜ ሰንበት አይደለም ወይ፣ እንዴት ሚስማር ትመታላችሁ?» ያለኝም ነበር። መጻጉዕ የዳነው በምን ቀን እንደሆነ ምዕራፉን እስከ ቁጥር 9 ያንብበው።

አሁን ወደ ሌላው በሽተኛ ልውሰዳችሁ። በማርቆስ ምዕራፍ 2 ሌላ አልጋ አለ። ቦታው ቅፍርናሆም ነው። የዚህኛው ሰው በሽታ ከመጻጉዕ ቢቀል አይደለም፤ ሽባ ነው። ግን መጻጉዕ ያጣውን እሱ አግኝቷል። አራት ሰው አለው። ቤቱ በሕዝብ ተጨናንቆ መግቢያ ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ጣሪያውን ነደሉ፣ አልጋውን አወረዱ። ወንጌላዊው ቀጥሎ የጻፈውን እዩ፤ «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነታቸውን። የአራቱን ነው ያየው። የአራቱ ስም ግን የለም።

እናንተ ውስጥ የገጠር ልጅ ከሆናችሁ ቃሬዛ ታውቃላችሁ። መኪና የማይገባበት ቦታ በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ጉልበት ብቻ አይበቃም። ረጅሙ ጎንበስ ማለት አለበት፣ አለዚያ በሽተኛው ወዳጭሩ ይንሸራተታል። ፈጣኑ መዝገም አለበት። አንዱ ሲደክመው «ቆይ» ካለ ሁሉም ይቆማል። ከአራቱ አንዱ እኔ ልቅደም ካለ የሚወድቀው እሱ አይደለም፤ አልጋው ላይ ያለው ነው።

በማኅበር ማገልገል ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለብቻ መመጽወት ቀላል ነው። ጊዮርጊስ ደጅ ላይ አሥር ብር ሰጥተህ ታልፋለህ፤ በማን ፍጥነት ልሂድ የሚል ጥያቄ የለም። በክለብ ግን ስብሰባ አለ፣ መዋጮ አለ፣ «እኔ አልስማማም» የሚል አለ፣ ሁልጊዜ የሚያረፍድ አለ። ብዙ መንፈሳዊ ሰው እዚህ ጋ ይሰለቻል። እኔም ሰልችቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ሃምሳውን ሰው ማስማማት ከሃምሳው ሎሚ በላይ እንደሚከብድ ግን ተረቱ አይነግርህም።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። የእማማን ጣሪያ ለመቀየር ስንወስን ቆርቆሮ የምገዛው እኔ ነበርኩ። ከአባላቱ አንዱ አናጺ ነው፤ ሙስሊም ወንድማችን። «መጀመሪያ እንለካው» አለኝ። እኔ ቸኩያለሁ። ፍልሰታ ሳይገባ እንዲያልቅ ፈልጌያለሁ፤ ለእግዚአብሔር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን «እሱ ነው ያስጨረሰው» እንዲባልልኝ ነው። «በዓይን ይታወቃል፣ 12 ይበቃል» አልኩ። አናጺው ዝም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት የድሮውን ቆርቆሮ ነቅለን ጨረስን። በሰባት ሰዓት አዲሱን ስንመታ ሦስት ቆርቆሮ ጎደለ። በአልጋው በኩል ያለው ጥግ ክፍት ቀረ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አይለምንም። ሱቅ ሄዶ ገዝቶ ለመመለስ ጊዜ የለም። ፍራሹን ስናነሣ ግማሹ በስብሷል። እማማ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አናጺው መሰላሉን ትቶ ጠፋ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በስብሶ፣ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ሦስት ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። ያረጀ ነው ግን አያፈስም። የተመታበት ቀዳዳ ስላለው ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። «ከቤት» አለና ወጣ። ከቤት ማለቱ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ማለቱ እንደሆነ ያወቅነው በሳምንቱ ነው። ያን ማታ ሚስቱ ያበሰለችው ጃንጥላ ይዛ ነው።

የቅፍርናሆም ሰዎች የሰው ጣሪያ አፈረሱ። ይህ ሰው የራሱን አፈረሰ። (በነገራችን ላይ የቅፍርናሆሙን ጣሪያ ማን መልሶ እንደሠራው ወንጌል አይነግረንም። አናጺ ከሆናችሁ የሚያሳስባችሁ ይኼ ነው፤ ወንድማችንን ታሪኩን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው።)

እኔ ያን ቀን አልጋውን ጥዬዋለሁ። ከአራቱ እኔ ልቅደም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

እንደዚህ ዓይነት ክለቦች የውጭ ፈጠራ ናቸው የሚል ቅሬታም እሰማለሁ። የአንዱ መነሻ ይገርመኛል። በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ሰዎች ጋር በአንዱ ቢሮ ተሰበሰበ። ስብሰባው በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞር ስለነበር ስሙን ሮታሪ አሉት። ቁጥሩን እዩልኝ፤ አራት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ማርቆስ ምዕራፍ 2ን አስበው ነው አልልም። ግን ክለቡ በ1985 እ.ኤ.አ. ፖሊዮን ከዓለም ለማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። ፖሊዮ ሕፃናትን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ነው። መንግሥታትና ሌሎች ድርጅቶችም ተሸከሙት፤ የእኛም አገር ልጆች ቤት ለቤት እያንኳኩ በየሕፃኑ አፍ ጠብታ አደረጉ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ዋይልድ ከሚባለው፣ በተፈጥሮ ከሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። አልጋ ላይ ሊውሉ የነበሩ ስንት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ይህን ከእግዚአብሔር ቸርነት ውጭ ማየት እኔ አልችልም።

ደግሞ ተራ ተብሎ የሚጣጣለውን አደራጅቶ የመሥራት አገልግሎት አትናቁት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለቱ እደላ ሲረሱ ሐዋርያት ጸልዩ ብለው ብቻ አልሸኟቸውም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። መስፈርቱም በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው የሚል ነው። ለእንጀራ እደላ! የክለባችን ገንዘብ ያዥ የሰባቱ ወገን ናት። የሦስት ብር ሚስማር ደረሰኝ ትጠይቃለች። መጀመሪያ አናደደችኝ። አሁን ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚያ ሰባት አንዱ መሆኑን ሳስብ ደረሰኙን ቀድሜ እሰጣታለሁ።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። እርዳታ ሲሰጥ የተቀባዩን ፊት አታንሡ። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ያለው ጌታ ስልክህም አይወቅ ማለቱ ነው ብዬ ነው የማምነው። ለመዋጮ የግድ ካስፈለገ ጣሪያውን አንሡ።

ጣሪያው በማግሥቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተለክቶ አለቀ። አናጺው ለካ፣ እኔ ያዝኩለት። ፍራሹን እኔ ቀየርኩ፤ ግዴታዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለመሰናበት ሄድን። ባልዲዎቹ ተነሥተዋል። እማማ ቡና አፍልተው፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው ጠበቁን። ፈንዲሻውን እየዘገንን ሳለ «እንግዲህ መቼ ትመጣላችሁ?» አሉ።

«እማማ፣ ጣሪያው እኮ አልቋል» አልኩ።

ሲኒውን ሳያስቀምጡ አዩኝ። «አሁን እኔ ለጣሪያው ብዬ ነው?» አሉ።

ስብሰባ ላይ አነሣነው። ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብለን እንጻፈው ተብሎ ብዙ ተከራከርን፤ ቡና መጠጣት ፕሮጀክት ነው ወይ ያለም ነበር። በመጨረሻ «የጉብኝት ተራ» ተብሎ ተጻፈ። አራት ሰው ተመደበ፤ አናጺው፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና እኔ። በየቅዳሜው አንዳችን እንሄዳለን። በዚህ ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው። ስኳር ይዤ መሄድ አለብኝ፤ ባለፈው ረስቼ እማማ ከጎረቤት ተበድረው ነው ያጠጡኝ።