«ሰረቀ» በስንት ፊደል? ስለ ሌባ ቃላት የሚሰለቹ ስህተቶችና እውነታው

የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ አዘጋጃለሁ። ሳጥኑን በአግድምና በቁልቁል እደረድራለሁ፣ ለየቃሉ ፍንጭ እጽፋለሁ። እንደ ስርቆት ስልኬን የሚያስጮህ ርዕስ አላየሁም። «ሌባ» የሚል ፍንጭ የወጣ ሳምንት ሰው ሁሉ የቋንቋ ዳኛ ይሆናል። ክርክሩም ያው ነው፣ ስህተቱም ያው። ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈውና ልረፍ።

«ለ‹ሰረቀ› በአራት ፊደል መልሱ ምንድን ነው?» አንድ መልስ የለውም። መነተፈ አራት ነው፣ ሞጨለፈም አራት ነው፣ መዘበረም አራት ነው። ሙሉውን ፍንጭ ሳትነግሩኝ መልስ አትጠብቁ።

«ቋ ሁለት ሳጥን ይፈልጋል።» አይፈልግም። «ሰርቋል» አራት ሳጥን ነው። አለቀ።

«ሌባ ሻይ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ይገናኛል።» እዚህ ጋ ሻይ ማለት ፈላጊ ነው፤ የሻ፣ የፈለገ። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል። እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞር ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ የሚጠጣው ነገር አለ፣ የሻይ ቅጠል ግን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደሜን ወደሚያፈላው እንምጣ። «ሌባ ያው ሌባ ነው፤ የትኛውንም ብትጽፍ ልዩነት የለውም።»

እንዴት የለውም? አማርኛ ስለ ሌባ ሲናገር እንደ ጉድ ነው የሚጠነቀቀው። ዕቃው መሄዱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሄደ ይነግራችኋል። ባለቤቱ ሳያይ ከሄደ ተሰረቀ። እያየ፣ በጉልበት ከሄደ ተቀማ። ከእጁ ላይ ድንገት ላፍ ከተደረገ ተነጠቀ ወይም ተመነተፈ። ተሰብስበው መጥተው ቤቱን ካራቆቱት ተዘረፈ። አምኖ ያስቀመጠው ሰው ከካደው አደራው ተበላ። ሥልጣን የያዘ ሰው ከሕዝብ ሀብት ላይ ካነሳ መዘበረ። ይህን ሁሉ «ያው ነው» ለሚል ሰው ፍንጭ መጻፍ ምን ያደርጋል?

አንድ ጊዜ «ጨለማ ለብሶ ከኋላ የሚመጣ (6)» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ማጅራት መቺ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ አንባቢ ደወሉ። «እኔ ኪስ አውላቂ ብያለሁ። ስድስት ነው፣ ልክክ ብሎ ገብቷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ስድስት ናቸው። «ጋሼ፣ ኪስ አውላቂ ጨለማ ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው። ኪስ አውላቂ የሚፈልገው ግፊያ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ፣ የመርካቶ ትርምስ። ሁለት ጣት ይበቃዋል። ከተሳካለት ቤታችሁ ገብታችሁ ኪሳችሁን እስክትዳብሱ አትነቁበትም። ማጅራት መቺ ሰው ያልበዛበት ቅያስ ነው የሚመርጠው። ሥራውንም የሚጀምረው ከኪስ ሳይሆን ከአንገት ነው። ደግሞስ አራተኛው ሳጥን ላይ ቁልቁል የሚወርደው ቃል «ት» ያመጣል። እሳቸው «ው» ብለው በስኪርቢቶ አድምቀው ጽፈዋል። «ምን ለውጥ አለው፣ ሁለቱም ሌቦች ናቸው» ብለው ዘጉብኝ።

ልዩነቱ የእንቆቅልሽ አዘጋጅ ጭንቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ገለጥ አድርጉ። ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ ነው፣ ውንብድና 670፣ እምነት ማጉደል 675፣ ማታለል 692። አገር ቤት ስሄድ ጠብቅልኝ ብላችሁ ጎረቤት ዘንድ ያስቀመጣችሁትን ቴሌቪዥን ጎረቤታችሁ ቢሸጥባችሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ «ተሰረቅኩ» ማለታችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን እምነት ማጉደል ነው፤ በገዛ እጃችሁ ሰጥታችሁታልና። ሕጉ አራት ቦታ የከፈለውን እኔ በአንድ ሳጥን ላጭቀው?

ስለዚህ ፍንጩን ስታነቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰውየውን ነው ወይስ ድርጊቱን ብላችሁ ለዩ። «ሌባ» ተብሎ «ሌብነት» የሚጽፍ አንባቢ ምን እንደሚባል አላውቅም። ቀጥሎ ባለቤቱ እያየ ነበር ወይ በሉ። ጉልበት ነበረበት? ዕቃው በአደራ ተሰጥቶ ነበር? ፍንጩ «ሰረቀች» ካለ መልሱም «መነተፈች» ይላል፤ ጾታውን ለማን ጥላችሁት ነው? ይህን ሳታደርጉ ፊደል ብቻ የምትቆጥሩ ከሆነ፣ በእርሳስ ሙሉ። ላጲስም አትርሱ።

«ሽፍታ ማለት ሌባ ነው።» ሽፍታ ከገዢው ተጣልቶ ጫካ የገባ ሰው ነው። መንገደኛ የሚገፍ ሽፍታ ሞልቶ ነበር፣ አልክድም። ግን ካሳ ኃይሉም ቋራ ላይ ሸፍተው ነው በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት። «ሽፍታ» ላይ «ሌባ» ስትሞሉ ማንን እየነካችሁ እንደሆነ አስቡ።

«በላ የምግብ ቃል ነው፣ ፍንጩ ተሳስቷል።» «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስትሰሙ እንጀራው ያመለጠው ሰው ነው የሚታያችሁ?

«ዘረፈ ሁልጊዜ ክፉ ነው።» ቅኔ ቤት ሂዱና ጠይቁ። ተማሪው ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እየለመደ ሄዶ ቅኔ ሲዘርፍ መምህሩ ደስ ይላቸዋል እንጂ ፖሊስ አይጠሩም። ከጻፍኳቸው ፍንጮች የምወደው ይሄ ነው፤ «ባለቅኔን ያስመሰግናል፣ ወንበዴን ያሳስራል (3)»። ብዙ ሰው ባዶውን ተወው። ከዚያም ፍንጩ አይገባም ተባልኩ።

«ሰ እና ሠ ያው ናቸው።» ሳጥን ውስጥ ሁለቱንም እቀበላለሁ፣ አማርኛው በድምፅ አይለያቸውማ። ግዕዙ ግን ይለያል። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ቢሆን ወሰደ ነው። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ደግሞ ፀሐይ ወጣ ነው፤ ምሥራቅም ከዚያ የመጣ ነው። ሠርቀ ብርሃን የሚባል ወዳጅ ካላችሁ የሠርግ ጥሪ ስትጽፉለት ንጉሡን ፈልጉ። አባት የብርሃን መውጣት ብሎ ያወጣውን ስም የብርሃን ስርቆት አታድርጉበት።

«ቀፈለ ስርቆት ነው።» አይደለም። ሰጪው እየተነጫነጨም ቢሆን በገዛ እጁ ከኪሱ አውጥቶ ሰጥቷል። ፍንጩ ላይ ውሸት ካለበት ደግሞ «ሸወደ»ን ሞክሩ፤ እሱም ሦስት ነው።