ልጁ እንዲተኛ ብለን የምንጨምራቸው ነገሮች፦ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምክርም ይዞ ነው የሚመጣው። «ልጁ ሌሊት አላስተኛ አለን» ካላችሁ አንዱ አብሽ አፍልታችሁ ስጡት ይላል፣ ሌላዋ ደርቡለት፣ ሦስተኛው መስኮቱን ዝጉ። ሁሉም የሚመክረው አንድ ነገር እንድትጨምሩ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ የሚስተካከሉት ግን በመቀነስ ነው።

«ጤነኛ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል»

አይተኛም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ መሠረት እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ከ12 እስከ 16፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የቀኑም ተደምሮ። ሰዓቱ ብዙ ነው፤ ወላጅን የሚያደክመው የተቆራረጠ መሆኑ ነው። የአራስ ልጅ አንድ የእንቅልፍ ዙር 50 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግማሹ ቀላል እንቅልፍ ነው። በዚህ ጊዜ ዓይኑ በተከደነበት ይንቀሳቀሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያቃስታል፣ አንዳንዴም አጭር ለቅሶ ያሰማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አልነቃም። ድምፁን ሰምታችሁ ወዲያው ብታነሡት የቀሰቀሳችሁት እናንተ ናችሁ። አንድ ሁለት ደቂቃ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደሚቀጥለው ዙር ይገባል።

ከዚያም በኋላ ቢሆን «የጎረቤት ልጅ በ3 ወሩ ሌሊቱን ይዘልቃል» የሚለው ወሬ አያስጨንቃችሁ። በካናዳ ተሠርቶ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ 6 ወር ከሞላቸው ሕፃናት ከሲሶ በላይ የሚሆኑት 6 ሰዓት በተከታታይ አይተኙም፤ ዓመት ሲሞላቸውም ከሩብ በላይ የሚሆኑት እንደዚያው ናቸው። በዕድገታቸው ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። 4 ወር አካባቢ ደህና ይተኛ የነበረው ልጅ በየሰዓት ተኩሉ መንቃት ቢጀምርም በሽታ አይደለም፤ የእንቅልፉ ዙር ወደ ትልቅ ሰው ዓይነት እየተለወጠ ነው።

«የአራስ ክፍል ጨለማ መሆን አለበት»

መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ፣ መብራቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። ሕፃኑ ቀንና ሌሊቱን የሚለይበት ምልክት በዚህ ተወሰደበት ማለት ነው። ማህፀን ውስጥ ሳለ ሰዓቱን የሚያውቀው በእናቱ ሰውነት በኩል ነበር፤ የራሱ የሰውነት ሰዓት በደንብ መሥራት የሚጀምረው ከ2ኛው እስከ 3ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ሰዓቱን የሚሞላው ዋናው ነገር ደግሞ ብርሃን ነው።

በኛ አገር ይህ ቀላል ነው፤ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ክፈቱ፣ የመጀመሪያውን ጡት ብርሃን ባለበት አጥቡት። ጠዋት ፀሐይ የማሞቅ ልማዳችን ለዚህም ይጠቅማል፤ ረፋዱ ሳይገፋ 10 እና 15 ደቂቃ ይበቃል። ቀን ሲተኛ ክፍሉን አታጨልሙት፤ ቡና ይወቀጥ፣ በሩ ይንኳኳ፣ ባጃጁም ይለፍ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። የጣሪያውን አምፖል አጥፍታችሁ ወደ ግድግዳ የዞረ ደብዛዛ መብራት ተጠቀሙ። ሌሊት ሲነሣ ጡት ስጡት፣ አስገሱት፣ መልሳችሁ አስተኙት፤ አታጫውቱት፣ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ አታውሩት። ሰገራ ከሌለ ወይም ዳይፐሩ ካልሞላ በቀር አትቀይሩለት። ስልክ ላይ አፍጥጦ ማጥባትም የክፍሉን ጨለማ ያበላሻል፤ እናቲቱንም እንቅልፍ ይነሣታል።

«ብርድ ይመታዋል»

አዳማ ላይ ብዙ ሕፃን እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከከተማዋ ዳር ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ነፋስ የሚያስፈራ ስለሆነ መስኮቱ ይዘጋል፤ ልጁ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሹራብ ይለብሳል፤ በፎጣ ይጠቀለላል፤ ከላይ ጋቢ ይደረብበታል። ይህ ሁሉ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ትልቁ ሰው ነጠላ እንኳን በከበደው ሌሊት ነው። ልጁ ያልበዋል፣ አንገቱና ብብቱ ሥር የሙቀት ሽፍታ ይወጣል፣ ያሳክከዋል፣ ያለቅሳል፤ ለቅሶው «በረደው» ተብሎ ሌላ ይደረብለታል። ከመጠን በላይ መሞቅ ደግሞ የሕፃናትን ድንገተኛ የእንቅልፍ ሞት አደጋ ከሚጨምሩ ነገሮች አንዱ ነው።

የሕፃን እጅና እግር ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፤ በነሱ አትፍረዱ። ሁለት ጣታችሁን ማጅራቱ ላይ ወይም ደረቱ ላይ አድርጉ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ በቂ ነው። ከራሰ ወይም ከተቃጠለ አንድ ልብስ ቀንሱ፤ ከቀዘቀዘ አንድ ጨምሩ። መነሻው እናንተ ለመተኛት ከለበሳችሁት አንድ ስስ ልብስ መጨመር ነው። በበጋው ሙቀት ዳይፐርና አንድ እጅጌ የሌለው የጥጥ ልብስ ይበቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች እጀ ረጅም ቱታ ላይ አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ እሱም እስከ ብብቱ ብቻ ደርሶ ጠርዙ ፍራሹ ሥር የተጠቀጠቀ። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አውልቁለት፤ ሕፃን ትርፍ ሙቀቱን በጭንቅላቱ በኩልም ያስወጣል። ከ2.5 ኪሎ በታች ሆነው የተወለዱና ጊዜያቸው ሳይደርስ የመጡ ልጆች ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ የሐኪማቸውን ምክር ተከተሉ።

ነፋሱ በቀጥታ ፊቱ ላይ ካላረፈ መስኮት መክፈት ችግር የለውም። ፋንም እንደዚሁ፤ ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አየሩን ብቻ ያንቀሳቅስ። አጎበሩ ግን ይኑር፤ አዳማ ወባ ያለበት አካባቢ ነው። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ጥላ ሥር ለ24 ሰዓት ይናፈስ፤ ከተሰቀለ በኋላ ጠርዙ ፍራሹ ሥር ይግባ፤ ረግቦ የልጁን ፊት እንዳይነካ ወጠር ይበል።

አንድ ነገር ያለ ድርድር፦ ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይግባ፤ ለሙቀትም፣ ለእጣንም፣ ለቡናም። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል እናትና ልጅን አብሮ ይገድላል።

«በጀርባው ከተኛ ሲያቀረሽ ትን ይለዋል»

አያቶች ልጁን በጎኑ አድርገው ጀርባውን በትራስ የሚደግፉት ይህን ፈርተው ነው። የሰውነቱ አሠራር ግን ከሚፈራው ተቃራኒ ነው። በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይሆናል፤ የወጣው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ቦታው ይገለበጣል። በጎኑ የተኛም ትራሱ ሲንሸራተት በሆዱ ይገለበጣል። በአሜሪካ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ ከተደረገ በኋላ የድንገተኛ ሞቱ ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ራሱ መገላበጥ ከቻለ በኋላ እየተነሣችሁ መመለስ አይጠበቅባችሁም፤ ስታስተኙት ግን በጀርባው አስተኙት።

ጭንቅላቱ እንዳይጠፈጥፍ አንድ ቀን ራሱን ወደዚህ፣ በማግስቱ ወደዚያ አድርጋችሁ አስተኙት፤ ሲነቃ ደግሞ እያያችሁት በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለ3 እና ለ5 ደቂቃ በሆዱ አድርጋችሁ አጫውቱት። ትራስ አያስፈልግም፤ እስከ ዓመቱ ድረስ የሚተኛበት ላይ ትራስም፣ አሻንጉሊትም፣ ወፍራም ብርድ ልብስም አይኑር።

በብዙ ቤት ልጁ ከእናቱ ጋር ነው የሚያድረው። የሚመከረው በአንድ ክፍል፣ በተለየ መኝታ ነው። ሌላ አልጋ ከሌለ ቢያንስ ፍራሹ የማይሰረጉድ ይሁን፤ ልጁ በእናቱ በኩል እንጂ በሁለቱ መካከል አይሁን፤ የናንተ ጋቢ ፊቱ ላይ እንዳይደርስ ለየብቻ ተከናነቡ። መጠጥ የጠጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰው አብሮት አይተኛ። ከሁሉ የከፋው ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ነው፤ ሌሊት ደክሟችሁ እያጠባችሁ ከሆነ ከሶፋው አልጋው ይሻላል።

«ጡቱ አልበቃውም፤ ትንሽ ነገር ይቅመስ»

ስኳር በውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም፣ ቅቤ፣ ከ3 ወር በኋላ ደግሞ በጡጦ አጥሚት። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ አዳማ ሙቀት ቢሆንም ውኃ እንኳን አያስፈልገውም። ውኃው ሆዱን ይሞላል፣ ጡት ይቀንሳል፣ ጡቱ ሲቀንስ ወተቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ተቅማጥ ሲጨመር እንቅልፉ ጭራሽ ይጠፋል። አጥሚት የጠጣ ልጅ ረዥም እንደሚተኛ ማረጋገጫ የለም። ማር ደግሞ በሕፃን ላይ ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊይዝ ስለሚችል እስከ ዓመቱ አይነካም።

ጡቱ መብቃቱን በለቅሶው ሳይሆን በዳይፐሩ እወቁ። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ ጊዜ በደንብ ከሸና፣ ጤና ጣቢያ ሲመዘንም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረ በቅቶታል። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ጡት ካልለቀቀ ወተት አልቆ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ማታ ማታ ደጋግሞ መጥባት የተለመደ ነው።

ስለ ቡና ግን ጠያቂዎቻችሁን ተጠንቀቁ። ገና የተወለደ ሕፃን በጡት በኩል ያገኘውን ካፌይን ግማሹን እንኳን ለማስወጣት ከ3 ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ 6 ወር ሲሞላው ግን ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። እናት ቡና መተው የለባትም። ነገር ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ አብራ ከጠጣች ይጠራቀማል። ጠዋት አንድ ሁለት ስኒ ይብቃት፤ ልጁ የሚቅበጠበጥ ከሆነ ለአንድ ሳምንት አቁማ ታየው።

«ሽሮፕ ስጡት» እና «ግጉን አስወጡለት»

የጉንፋን ሽሮፕ የሚያስተኛው አለርጂ የሚቀንስ መድኃኒት ስላለበት ነው። ከነዚህ መካከል ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክልክል ነው፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ፓራሲታሞልም የትኩሳትና የሕመም መድኃኒት እንጂ የእንቅልፍ አይደለም።

ያለ ምክንያት ማታ ማታ ለሰዓታት የሚያለቅስ ሕፃን ለቅሶው 6ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ይጠፋል። በዚህ መሀል ነው እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት የሚመጣው። በድድ ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ማስወጣቱ ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽንና ለቴታነስ ያጋልጣል። ጥርስ ማውጣትም ቢሆን ትንሽ ያነጫንጫል እንጂ ከ38 በላይ ትኩሳት አያመጣም። ከ2 ወር በታች ያለ ልጅ በብብቱ ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ መጥባት ካቆመ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ሳይነጋ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ለቅሶው ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን በጀርባው አስተኝታችሁት ለ5 ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ። ማልቀስ አይጎዳውም፤ መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል።

«ቀን ካልተኛ ሌሊት ይተኛል»

ከልክ በላይ የደከመ ልጅ የጭንቀት ሆርሞኑ ከፍ ስለሚል ለመተኛትም ይቸገራል፣ ቶሎም ይነቃል። በግምት አራስ ከ1 ሰዓት፣ የ3 ወር ልጅ ከ1 ሰዓት ተኩል፣ የ6 ወር ልጅ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ነቅቶ ባይቆይ ጥሩ ነው። ማዛጋት፣ አፍጥጦ መቅረት፣ ዓይን ማሸት ሲጀምር ጊዜው ደርሷል፤ ለቅሶው ላይ ስትደርሱ አርፍዳችኋል።

«አቅፋችሁ አበላሻችሁት»

እስከ 4 ወር ገደማ ማቀፍም፣ ማዘልም፣ እሹሩሩ ማለትም አያበላሽም። ስታዝሉት ብቻ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይወድቅ፣ ፊቱም ጀርባችሁ ላይ እንዳይታፈን አድርጉ።

ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ግን ቀስ በቀስ ማለማመድ ይቻላል። ዘዴው እንቅልፍ ሳይወስደው፣ ዓይኑ ከበድ ሲል ማስተኛት ነው። እያጠባችሁ የምታስተኙት ከሆነ ጡቱን ከመኝታው 20 ደቂቃ ቀደም አድርጉት፤ ከዚያ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እሹሩሩ፣ አልጋ። ሲያለቅስ በቅድሚያ እጃችሁን ደረቱ ላይ አሳርፉ፣ ካልበቃው መታ መታ አድርጉት፣ ካልበቃው አንሡት፤ ሲረጋጋ ግን ከመተኛቱ በፊት መልሱት። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይህ ደጋግሞ መነሣት አለው። አንድ ምሽት እናት እንዲህ፣ በማግስቱ አያት እንደ ድሮው ካደረጉት አይሠራም፤ ቤተሰቡ መጀመሪያ ይስማማ።

«ተኛ፣ አያ ጅቦ መጣ!»

ይሠራል፤ ለአንድ ሳምንት። ከ2 ዓመት በኋላ ምናባቸው ስለሚሰፋ ጅቡ ጨለማው ውስጥ ይቀራል፣ ልጁም ብቻውን መተኛት እምቢ ይላል። በዚህ ዕድሜ የሚያስቸግሩት ሁለት ተጨባጭ ነገሮች ናቸው፦ የቀኑ እንቅልፍ ከ9 ሰዓት ተኩል አልፎ መቆየቱ እና አባት ምሽት 2 ሰዓት ሲገባ ጨዋታው እንደ አዲስ መጀመሩ። አባትየው ይጫወት፤ ግን ማጠብና ማስተኛቱን እሱ ይያዘው፣ ትግሉንና ሩጫውን ለጠዋት ያቆየው። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ይጥፋ። ሻይም ማታ አይሰጥ፤ ካፌይን አለው፣ ከምግብ የሚገኘው ብረትም በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። የብረት እጥረት ደግሞ ራሱ እንቅልፍ ያውካል።

ከተኛ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ዓይኑን ከፍቶ እየጮኸ፣ ግን የማያውቃችሁ ከሆነ አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። ይህ የሚበዛው ቀን ሳይተኛ በዋለበት ሌሊት ነው። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ መሀል ላይ ትንፋሹ ቆም የሚልበት ልጅ ግን ቶንሲሉ ወይም የአፍንጫው ጀርባ ያበጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ስልካችሁ ላይ ድምፁን ቀድታችሁ ለሕፃናት ሐኪም አሰሙ።